ከበሩ ሥር

ሃያ አንድ ዓመት ጠበቅኩ ለአንድ ሰዓት ፊልም፤
እንደኔ ያለ ሞኝ ሚልፎርድ ውስጥ የለም።
የአውቶቡሱን ቁልፍ ምስማር ላይ ሰቅዬ፣
ለአለቃዬ ደውዬ “ጉንፋን ያዘኝ” ብዬ፣
ሻይ በትልቅ ኩባያ፣ ብስኩት በሳህን፣
መጋረጃ ዘግቼ፣ አጥፍቼ ስልኬን።
ካሪስ፣ ልጄ፣ ከጎኔ እግሯን አጣጥፋ፣
“ደግሞ እንዳታለቅሺ” አለች ትራሷን አቅፋ።

ጀመረ። ያ ዜማ። ያ የጥንት ጥሩምባ፣
ሦስቴ ተነፍቶ ነው ልብ ውስጥ የሚገባ፤
ዛሬ በቫዮሊን አለስልሰውታል።
“ምን አደረጋችሁ? ማን ንኩት ብሏችኋል?”
ጣቢያዋም ታጥባለች፤ ግድግዳዋ ነጭ፣
ዝገት የለ፣ ቧንቧ የለ ዘይት የሚረጭ።
አዳዲስ መካኒኮች፣ ጥርሳቸው የሚያበራ፣
ሞተር ይፈታሉ ጥፍራቸው ሳይቆሽሽ፣ እንደ ሙሽራ።
ካሪስ ግን ወደደች፤ “ያ ልጅ ያምራል” አለች፤
እኔ ቅጥል ስል እያየችኝ ሳቀች።
ዶብ እንኳ፣ ያ ማሽን፣ ብሎን አጥባቂው፣
የቬራን ረዳቷ፣ ምሥጢር ጠባቂው፣
ግራ እጁ ነበረ የሚንቀጠቀጠው፣
ዛሬ ቀኙ ሆኗል! ማነው የለወጠው?
“እማ፣ ዝም በይ።”
ዝም አልኩ፤
ለሁለት ደቂቃ። ሦስት ብስኩት ዋጥኩ።

ለማያውቅ ልንገር፦ የዳር ወደብ ማለት
የጨለማው ጠርዝ ላይ የቆመች ጣቢያ ናት፤
ክንፉ የተሰበረ፣ ሞተሩ የከዳው፣
መርከብ ሁሉ መጥቶ እሷ ናት የምትረዳው።
አለቃዋ ቬራን፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣
መንጠቆ ልትፈታ ወጥታ ወደ ሰማይ፣
በሩ ተዘጋባት።
አለቀ። “ገንዘብ ጠፋ፣ ቀጣይ የለም” ብለው፣
እሷን ከበር ማዶ፣ እኛን ምንጣፍ ላይ ጥለው።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ነኝ፤ ኤምሪስ ወንድሜ ዐሥራ አራት።
“አልሞተችም” አለ፤ “አላየሽም መብራት?
ከበሩ ሥር፣ መጨረሻ ላይ፣ ክር መስላ የታየች።
ያ ክፍል ሰው ካልተነፈሰበት አይበራም፤ ቬራን አለች።”
“ማጥፋት ረስተው ነው፤ ሞታለች” እላለሁ።
“አልሞተችም!”
“ሞታለች!”
በሠርጌ ቀን ሳይቀር፣ በቬሎ፣ ተከራክሬያለሁ።

ከመኝታችን መስኮት፣ ከባሕሩ ማዶ፣
የነዳጅ ማጣሪያው ነበልባሉ ነዶ፣
መርከቦች ሲጠጉት ቀይ መብራት እያበሩ፣
ለኛ የዳር ወደብ እዚያ ነበር በሩ።

ስለዚያች መብራት ስንጣላ፣ ስንባላ፣
አንድ ቀን አልተኳረፍን፤ እራት አብረን ሳንበላ
አላደርንም።
በእናታችን ቤት ግን፣ በድርሻ፣ በወረቀት፣
ተጣላን፤ ስድስት ዓመት።
መስኮቱ ተሸጠ። ከነማጣሪያው፣ ከነእሳት።

(ማስታወቂያ ሲገባ አሰብኩት፤ ስዋንሲ፣ ፎቅ ላይ፣
ብቻውን ተቀምጦ፣ እሱም ይሆን የሚያይ?)

አርባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ
ዶብ ብቻውን መጣ፤ በዚያ በተሳሳተ እጁ
ብሎኑን ፈታና ተከፈተ ደጁ።
ውስጡ ባዶ ነው።
አንዲት አምፖል፣ ክሯ ጠቁሮ ያረረች፤
ግድግዳው ላይ በብሎን የተጫረች
አንዲት መስመር፣ ሌላ መስመር፣ ሌላ መስመር፤
ዘጠኝ ቀን። ዘጠኝ ቀን በሩን ስትደበድብ ነበር፤
በዚህ በኩል ያለው ሁሉ “ሞታለች” ብሎ ሲያበቃ፣
ማን ይክፈት?
የውጭው በር ክፍት ነው። የት ሄደች? አልተነገረም በቃ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ብስኩቱ ወደቀ።
“እማ?” አለች ካሪስ። ፊልሙ አለቀ።

ስልኬን አበራሁት። ስሙን ሰርዣለሁ፤
ቁጥሩን ግን በጣቴ፣ በጨለማም አውቃለሁ።
አንዴ ጠራ።
“መብራቱ!” አለ፤ ሰላምታ የለ፣ ስም የለ።
“አውቃለሁ” ልል ስል ድምፄ እምቢ አለ።
ከዚያ ግን፦ “እጁን አየኸው? የዶብን?”
“ቀኙን!” ብሎ ጮኸ፤ “ቀኙን እኮ ነው ያደረጉብን!
እነዚህ ጉዶች፣ እንደው አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም?”
ይስቅ ይሁን ያልቅስ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አልለየሁም።